አቶ ወልደአማኑኤል ደምሴና የባልጩቱ ጠመንጃ

ይህን ጠመንጃ ማን ሠራው? ትሕትና ይህን ጥያቄ በልጅነቷ ጠይቃ፣ መልስ ሳታገኝ ለዓመታት ይዛው ኖራለች። በልደታ፣ በጌጃ ሰፈር፣ በአያቷ በአቶ ወልደአማኑኤል ደምሴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ በባልጩት ድንጋይ ፍንጣሪ የሚተኮሰውን አሮጌ የአደን ጠመንጃ ያየ እንግዳ ሁሉ ማን እንደታጠቀውና ምን እንደተገደለበት ይጠይቅ ነበር እንጂ ሠሪውን የጠየቀ አልነበረም። እርሷ ስትጠይቅ አያቷ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው፣ የድሮ ሰው ነው የሠራው ብለው ወሬ ይለውጡ ነበር።

አቶ ወልደአማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ደምሴ ሣህሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይንሀረግ አስፋው በ1935 ዓ.ም. በዚሁ በልደታ ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውንም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በታማኝነት አገለገሉ። ጎረቤቶቻቸው እንደሚመሰክሩት ቁልፍ የተሰበረበትም ሆነ የስፌት መኪና የቆመበት ሰው እርሳቸው ዘንድ ሄዶ ሳይሠራለት አልተመለሰም። ይሁን እንጂ ሲሠሩ በራቸውን ዘግተው ነበር፤ ሞረዱንና መዶሻውንም እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ያስገቡ ነበር።

ከወይዘሮ የሻረግ በቀለ ጋር በተክሊል ተጋብተው ማኑንና ወለተሰንበትን ወለዱ። ወለተሰንበት ለአቅመ ሔዋን ደርሰው ሽማግሌ በተላከ ጊዜ፣ እንደ ወጉ የዘር ሐረግ ሲጠያየቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈና፣ «አያትዎ በዚህ ምን ገደሉበት?» አሉ። ጥያቄው በአክብሮት የቀረበ ነበር። አቶ ወልደአማኑኤልም ልጃቸው በጓዳ በር ቆመው እንደሚሰሙ እያወቁ፣ «ጎሽ» ብለው መለሱ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን በአድናቆት ነቅንቀው ጉዳዩን ጨረሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቾቻቸው የአዳኙ የልጅ ልጅ እያሉ ከፍ ባለ ወንበር ያስቀምጧቸው፣ እርሳቸውም በተቀመጡበት ሁሉ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ሰው ይህን ትሕትና ይለው ነበር፤ የልጅ ልጃቸውንም ስም ያወጡት እርሳቸው ስለሆኑ ብዙ ተቀልዶበታል።

ባለፈው ክረምት የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው፣ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዳ እንድታመጣላቸው ትሕትናን ጠየቋት። በጣታቸው እየዳሰሱም ለማንም ያልነገሩትን ነገሯት። ብረቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ሲሆን፣ የበሰበሰውን ሰደፍ በወይራ የተኩት፣ ወይራውን በቀጭን መሮ እየፈለፈሉ የብር ፈትል በመዶሻ ያስተኙበት፣ ከቃታው አንሥቶ እስከ አፈሙዙ የሚሸሹ ጎሾችን በነሐስ የቀረጹበት አያታቸው፣ የአንኮበሩ ቀጥቃጭ ሣህሉ ነበሩ። ያሠሯቸው ባላባት ሥራውን እያደነቁ ሠሪውን ግን በማዕዳቸው አያስቀምጡም ነበር፤ ዓይኑ ይበላል ተብሎ ልጅ ይሸሸግበት ነበር። ባላባቱ ጠመንጃውን ሳይረከቡ ሞቱ፤ ወራሾችም ከቀጥቃጭ ቤት ዕቃ አንወስድም አሉ። የሣህሉ ልጅ ደምሴ ሙያውን ትተው፣ አገራቸውንም ሳይናገሩ አዲስ አበባ ገቡ።

«አያቴ አንድ ጎሽ እንኳ አልገደሉም፤ እኔ ግን ሠሪውን ገድዬ አዳኝ አደረግኋቸው» አሏት። «የሰዉን ፊት እያየሁ መናገር አልቻልኩም። ስቀበር ይነገርልኝ።»

አቶ ወልደአማኑኤል ከትናንት በስቲያ በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ትሕትና ይህን ጽሑፍ ስታዘጋጅ እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የአዳኝ ዘር ተብለው የኖሩ ናቸውና፣ ነገሩ ከአባታቸው ጋር አፈር እንዲለብስ ልጃቸውን ለመኑ። ከአማቾቻቸው ለቅሶ ቤት ማን አጠገባቸው እንደሚቀመጥ፣ ምግብ ሲያቀርቡ ማን እጁን እንደሚሰበስብ አሰቡ። ፍርሃታቸው ሐሰት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በዚህች ከተማ ዛሬም በሹክሹክታ ይነገራል። ትሕትናም እናቷን አፈረችባቸው፤ ስለ ማፈሯም አፈረች። ዛሬ ጧት ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻ አነበበችላቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየለበሱ፣ «አጠገብሽ ቆሜ ሰው ማየት አልችልም። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ግን አልወጣም» አሏት።

አቶ ወልደአማኑኤል የሁለት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ቀድመዋቸው ዐርፈዋል። አምላካችን የተሸከሙትን ዝምታ ከትከሻቸው አውርዶ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ የቀጥቃጩን የሣህሉንም ነፍስ እንዲሁ፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።

ይህን ጽሑፍ በቀብሩ ላይ እንደ ልማዱ የቤተሰቡ ታላቅ፣ አጎቷ ማኑ፣ እንዲያነቡት ታስቦ ነበር። ትሕትና ከሦስት ሰው በላይ ባለበት ድምፅዋ የሚጠፋ ልጅ መሆኗን የሚያውቃት ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱን ለአጎቷ ልትሰጥ እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው፤ ራሷ ልታነበው ወሰነች፤ ይኸው አነበበችው።