በጠበል የተሠራ ሽሮ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ልጅ እግር ሴት ባዶ ጀሪካን ታቅፋ ከማታውቃቸው አዛውንት ጋር ታወራለች።

«ልጄ፣ ውሃ ፍለጋ እንጅባራ ድረስ?»

«ጠበል ላመጣ ነው አባባ። ውሃ ይጠፋል ሲባል ያለውን ጀሪካን ሁሉ ሞልቼ ደረደርኩ። የአማቴ የጠበል ጀሪካንም ከነዚያ ጋር ተደባለቀብኝ።»

«እና?»

«ሽሮ ሠራሁበት።»

«በስመ አብ! በሉት?»

«ሙልጭ አድርገው! ሳያውቁ ልተካው ነው። ካወቁ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ።»

«ጠበልን ከሽንኩርት ጋር! ጉድ ነው እኮ።»

ስልኳ ጮኸ። የአማትየው ድምፅ እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል።

«የት ነሽ?»

«ገበያ ነኝ እማዬ።»

«የምን ገበያ! ጀሪካኔን ይዘሽ ስትወጪ አይቼሻለሁ። ባዶ መሆኑንም ትናንት አይቻለሁ። ጠበል አይደፋም ብዬ እኮ ነው ሽሮውን አሟጥጬ የበላሁት።»

«ውይ እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«ዝም በይ! ይልቅ አንቺም ወገብሽን ያምሻልና እዚያው ተጠመቂ። ጀሪካኑንም ብቻሽን እንዳትሸከሚው፣ ባጃጅ ያዢ።»

እኔም ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።