እማማ ድርብና የሸራው ማሰሪያ

እማማ ድርብ የሚል ስም የወጣላቸው ማንኛውንም ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሰፍተው ስለማይለቁ ነው። ቦርሳ ይሁን ሻንጣ፣ መርፌው ሁለቴ ካልተመላለሰበት ከሱቃቸው አይወጣም። ልማዱ ወደ ንግግራቸውም ተሻግሯል፤ ያሉትን ሳይደግሙ አያልፉም። ያን ዕለት ጠዋት ግን «ቀና በይ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደ ደጋገሙት እሳቸውም አያውቁትም።

«ቀና በይ እንጂ! ቀና በይ! አርግዘሽ የሠራሽው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?»

ምራታቸው ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ሸራውን ወደ ስፌት መኪናው ትገፋለች፣ በሌላው ወገቧን ትደግፋለች። ከጡቷ ሥር፣ ከሆዷ በላይ፣ አራት ጣት የሚሰፋ የሸራ ማሰሪያ ጠብቆ ታስሮባታል። ጠዋት ጠዋት የሚያስሩላት አማቷ ናቸው። «ፅንሱ ወደ ላይ ወጥቶ ልብን እንዳይጫን ነው» ይላሉ። ለእሳቸው እናታቸው አስረውላቸው ነበር፤ አምስት ልጅ የተሸከሙትም በዚሁ ማሰሪያ ነው።

«እማዬ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች ምራቲቱ መኪናውን አቁማ። «ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ትንፋሽም አጠረኝ። ብነግርዎ አይሰሙኝም። ነገ እናቴ ቤት እሄዳለሁ፤ እስክወልድ እዚያው እሆናለሁ። ልብሴን ሰብስቤያለሁ።»

የእማማ ድርብ ደም ፈላ። ልጃቸው የረጅም መንገድ ሹፌር ነውና ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህች ልጅ ከሄደች ከማን ጋር ሊጨቃጨቁ ነው? ደግሞስ ጎረቤቱ «አማቷ አባረረቻት» ሊል አይደለም? «አትሂጂብኝ» ሊሏት ፈልገው ነበር፤ ከአፋቸው የወጣው ግን «ቅብጠት ነው! ቅብጠት!» የሚለው ሆነ።

በዚህ መሐል ነው አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ወረቀቶቿን በደረቷ አቅፋ ከመንገድ የገባችው። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ የቦርሳዋ ሥር መሐል መንገድ ላይ ተቀድዶ ያላትን ሁሉ ዘርግፎባታል። እማማ ድርብ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው ተነሡና ቦርሳውን ተቀብለው ገለበጡት። በምራታቸው የተናደዱትን በማያውቁት ሰፊ ላይ ለመወጣት ጥሩ አጋጣሚ ሆነላቸው።

«ማነው ሰፊ ነኝ ብሎ ይህን የሠራው? እዪ፣ ማጠናከሪያውን ከላይ፣ አፉ ላይ ዙሪያውን ሰፍቶታል። ክብደት የሚወርደው ወዴት ነው? ወደ ታች ነው! ወደ ታች! ታዲያ ማጠናከሪያው ላይ ተሰቅሎ ምን ያደርጋል? አፉን ያንቀዋል እንጂ ሸክሙን አይዝለትም። ድጋፍ ከሥር ነው፣ ሲስተር። ከሥር!»

«እውነትዎን ነው፣ እማማ» አለች ነርሷ። ይህን ብላ ሳትጨርስ ምራቲቱ ከበርጩማው ልትነሣ ሞክራ «ውይ!» ብላ መልሳ ተቀመጠች።

ነርሷ ማሰሪያውን አየችና በረጅሙ ተነፈሰች። «ይህንን ማን አሰረልሽ?»

ምራቲቱ ወደ አማቷ አየች።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ድርብ። «ምነው? ነውር አለው?»

«እማማ፣ ወገቤን የምትል አንዲት እርጉዝ ስትመጣ ‹ቻዪው› የሚል አንድ ዘመድ ተከትሏት ይመጣል። ዛሬ እንኳ ይህች አራተኛዬ ናት። ስንቱን ልለፍልፍ?»

«አንቺ ስንት ወልደሻል?»

«አልወለድኩም።»

«እንግዲያው! እንግዲያው አምስት የወለድኩት ልንገርሽ።»

«እርስዎ አምስት ወልደዋል። እኔ ደግሞ ያዋለድኳቸውን ቁጥር አላውቀውም» አለች ነርሷ፣ በትሕትና ቢሆንም ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ፊቷን ወደ ምራቲቱ መልሳ ጠየቀቻት። ደም ታይቷታል? ውኃ ፈሷታል? ሽንቷ ያቃጥላታል? ትኩሳት አላት? ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ሆዷን ያጠነክረዋል? እግሯ ይደነዝዛል? ለሁሉም «የለም» አለች።

«ከነዚህ አንዱ ቢኖር አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ነበር የምልሽ። ባይኖርም ነገ ለምርመራ ትመጫለሽ። እንዳየሁት ግን ይህ የሸክም ሕመም ነው» ብላ ወደ አማቲቱ ዞረች። « ሆዷ ወደ ፊት ሲገፋ ወገቧ ይለመጣል፤ መገጣጠሚያዋም ለወሊድ እየላላ ነው። ቅብጠት ሲሏት ከመንገድ ሰምቻለሁ፣ እማማ። ቅብጠት አይደለም።»

«ታዲያ ይኸው አስሬላት የለ?»

«የት ነው ያሰሩላት?»

«እዚህ፣ ከላይ።»

ነርሷ የተቀደደውን ቦርሳ ከጠረጴዛው አነሣች። «ቅድም ምን ነበር ያሉኝ? ክብደት የሚወርደው ወዴት ነው?»

እማማ ድርብ ቦርሳውን አዩ፤ ማሰሪያውንም አዩ። ተምሬያለሁ የሚል ሌላ ሰው ቢከራከራቸው እስኪመሽ ይመልሱለት ነበር፤ በገዛ ቃላቸው ሲመጡባቸው ግን መግቢያ አጡ። በሙያችን አሳምረን የምናውቀውን ቤታችን ስንገባ መርሳት የብዙዎቻችን ችግር ነው። ለሸራና ለክር የሚጠነቀቅ ሰው ለሰው ወገብ ሲሆን «ቻዪው» ብሎ ያልፋል።

«ሰው ቦርሳ አይደለም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ግን ቀንሷል።

«አይደለም። ቦርሳ ሲከብደው አይናገርም። እሷ ግን ስትነግርዎ ከረመች።»

ነርሷ ቀጥላ፣ «የእርጉዝ መደገፊያ ቀበቶ ከትልልቅ መድኃኒት ቤቶች አይጠፋም፤ ከዚያ...» ብላ ስትጀምር እማማ ድርብ ነቃ አሉ።

«እኔ ቁጭ ብዬ ስፌት ከሰው ሊገዛ? በይ ተናገሪ፣ ምን ዓይነት ነው?»

የመጀመሪያው ሙከራ ራሱን የቻለ ጭቅጭቅ ነበር። እማማ ድርብ ወፍራሙን ሸራ ቆርጠው፣ ደርበው፣ ሰፍተው አቀረቡ።

«እማማ! ይህ እኮ የሻንጣ ማሰሪያ ነው!» አለች ነርሷ። «ለስላሳ ጥጥ ይሁን። በግራና በቀኝ ሰፊ ላስቲክ። መዝጊያው ለቦርሳ ክዳን የሚጠቀሙበት፣ ተለጥፎ የሚላቀቀው ማጣበቂያ ይሁን፤ ሆዷ ሲገፋ ታሰፋዋለች።»

«ካልጠበቀ ምኑን ደገፈ?»

«መደገፍና ማነቅ ይለያያል። ሁለት ጣት ሊገባበት ይገባል። ትንፋሽ ካሳጠራት ወይም ካደነዘዛት ይፈታ። ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ ስትቆምና ስትሄድ ታደርገዋለች፣ ስትተኛ ታወልቀዋለች።»

ሁለተኛው ተሳካ። ነርሷ የሸራውን ማሰሪያ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና አዲሱን ከሆዷ ሥር፣ ዳሌዋ ላይ አሳርፋ አሰረችላት። ምራቲቱ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ዐይኗ እንባ ሞላ።

«ምነው? አመመሽ?» እማማ ድርብ ደነገጡ።

«አይ። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ግን አንድ ሰው ከሥር የያዘልኝ መሰለኝ።»

ነርሷ ለስፌት ትታው የሄደችውን ቦርሳዋን ለመውሰድ የተመለሰችው በአሥረኛው ቀን ነበር። ምራቲቱ እናቷ ቤት አልሄደችም። በርጩማውን ትታ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከወገቧ ጀርባ ትራስ፣ ከእግሯ ሥር የእንጨት ሣጥን አለ። እማማ ድርብ ደግሞ አንዲት ደንበኛቸውን ይዘው ይለፈልፋሉ።

«ለልጅሽ ንገሪያት! በጎኗ ትተኛ፤ በጉልበቶቿ መሐል ትራስ ታድርግ። ከባድ አታንሣ፤ የሸራውን ጥቅል እኛም ለተሸካሚ ሰጥተናል። ጡት መያዣዋ ሰፊ ማንገቻ ያለው ይሁን፣ ትከሻዋን እንዳይቆርጣት። ረጅም ተረከዝ ይቅርባት። ትንሽ ትንሽ ትራመድ። የኔዋ ይኸው ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ሥራዋንም ትሠራለች። ደም ወይም ውኃ ካየች ግን ቀበቶ ቀበቶ እንዳትዪ፤ ወደ ጤና ጣቢያ! ወደ ጤና ጣቢያ!»

ነርሷ ሳቋን አፈነች። ደንበኛዋ ስትወጣ እማማ ድርብ እንደ ሁልጊዜው እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው ተነሡ።

«ይህ ወገብ ከመጀመሪያ ልጄ ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉ። «አምስቱንም ታንቄ ነው የተሸከምኩት። እናቴን አመመኝ ስላት ቅብጠት አለችኝ። እኔም ለሰው ልጅ ያንኑ አልኩ። ያናድደኛል፣ ሲስተር። ማንም አልነገረኝም።»

«ያኔ ቢነግሩዎ ይሰሙ ነበር?»

እማማ ድርብ አሰቡ። «አልሰማም ነበር» አሉ፣ ይበልጥ ተናደው።

«አሁን ግን ሰምተዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ እርስዎም አብረው ይምጡ፤ ወገብዎ ይታይልዎ።»

«እኔ ይዣቸው እመጣለሁ» አለች ምራቲቱ ከወንበሯ ላይ። አማቷ ቅብጠት ነው ሊሉ ጀምረው ተዉት።

ከዚያ ቦርሳውን አወጡ። ከሥሩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አራት ጣት የሚሰፋ ያረጀ ሸራ ተሰፍቶበታል። ነርሷ ወዲያው አወቀችው። ምራቲቱም አወቀችው።

«አሁን ቦታውን አገኘ» አሉ እማማ ድርብ። የተረፈውን ክር በጥርሳቸው በጠሱና ደገሙት። «አሁን ቦታውን አገኘ።»