ለፋሲካ የተደፋው የይርጋ ቢራ

(እማማ ዝናሽ እስራኤል አገር፣ ቅርያት መላኪ ከሕንጻችን ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ ልጆቻችን እስኪጠግቡ ሲጫወቱ ለተቀመጥነው ሴቶች እንደነገሩን።)

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በኛ ጊዜ ጠላ ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ አለቀ። ማን በገዛልኝ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ወገራ ሳለሁ ጠላዬ ሲደርስ ማንንም አልጠራም፣ ሽታው ይጠራልኛል። ጎረቤቱ በደጅ ሲያልፍ "ዝናሽ፣ ምነው ዛሬ ቤትሽ ሸተተኝሳ!" ይላል፣ ታዲያ እንዲህ ካለ ገባ ማለት ነው፣ ተቀመጠ ማለት ነው። እና ያ ሰው ጠጥቶ "መረረኝ" ብሎ አያውቅም። ካልመረረ ጠላ ነው እንዴ? ጌሾ ያላገኘው ጠላ እኮ ውሃ ነው፣ ለታመመ ሰው ነው የሚሰጥ።

ታዲያ ይርጋ፣ ልጄ ይርጋ፣ ታውቁት የለ፣ ረጅሙ፣ ገዴራ የሚኖረው፣ ስንት ዓመት ፋብሪካ ሠርቶ ሠርቶ አንድ ቀን መጣና "እማዬ፣ ቢራ ልጠምቅ ነው" አለኝ።

"ጠላ ነው?"

"አይ፣ ቢራ ነው። ግን ያንቺን ጌሾ አገባበታለሁ።"

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እና ገዴራ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጋራዦቹ ካሉበት፣ አንድ መጋዘን ተከራየና ሦስት የብረት ጋን አቆመ፣ ከኔ ቁመት በላይ፣ ምን ልበላችሁ፣ ፊትሽን ታይበታለሽ። እኔ ጌሾውን ከዚህ ከሐበሻ ሱቅ እየገዛሁ፣ እየለቀምሁ፣ እየወቀጥሁ በአውቶቡስ ይዤ እሄዳለሁ። የመጋዘኑን ቁልፍ እንኳ አንዱን ለኔ ሰጥቶኛል፣ ባይሰጠኝ ይሻል ነበር፣ እደርስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሲደርስ ሽማግሌዎቹን ጠራን። ጋሽ በላይ፣ ጎረቤቴ፣ ብርጭቆውን ያዘና በብርሃን አየው፣ ቀመሰ፣ ፊቱን እንዲህ አኮማተረ፣ እዩኝ እንዲህ፣ "ዝናሽ፣ ጥርሴን መታኝ! ምን ያህል ቀዝቅዟል? ደግሞ ይፈላል፣ አፍንጫዬ ገባ። ጠላ አይደለም እንዴ ያልሽኝ?"

"ጠላ አላልሁም፣ ቢራ ነው።"

"ቢራ ከሆነማ ሱፐርማርኬቱ ሞልቶ የለ" አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ይሁን፣ ሽማግሌ ይቅር፣ ወጣቶቹን እንጥራ አልን። ከውትድርና የወጡ ጎረምሶችና ልጃገረዶች ያላ ያላ፣ ቶሎ ቶሎ እየተባባሉ መጡ። አንዷ ቀመሰችና፣ "ዋይ! ይርጋ፣ ይኼ ኮሶ ነው?" ኮሶን የት አውቃው፣ እናቷ ነግራት ነው እንጂ። "የሚጣፍጥ የለህም? ማንጎ ያለበት?" በቢራ ማንጎ! እኔ ጌሾ የለቀምሁበት ጣቴ ገና አረንጓዴ ነው፣ እሷ ማንጎ ትለኛለች። እና ሁሉም ሲወጡ ጀርባውን እየመቱ "ኮል ሃካቮድ፣ በርታ፣ በርታ" ይሉታል። በርታ ብለው ሄደው ማታ ውስኪ በጣፋጭ ውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ።

ታዲያ እሱ ምን ያድርግ? ሽማግሌው ጠላ አይደለም ይለዋል፣ ወጣቱ መረረኝ ይለዋል፣ ልጄ መካከል ላይ ቀረ። መጠጥ ቤቶቹን ዞረ። አሽዶድ ሄደ፣ ሬሆቮት ሄደ፣ ሁሉም ቀምሰው "ጥሩ ነው፣ ግን" ይሉታል። ይኼ "ግን" ነው የገደለን። ማቀዝቀዣውን የሰጣቸው ትልቁ የቢራ ፋብሪካ፣ ደጅ ላይ ያለውን ጥላ የሰጣቸው እሱ፣ ብርጭቆውን የሰጣቸው እሱ፣ እና በሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ የኔ ልጅ ጠርሙስ በየት በኩል ይግባ? እስቲ ንገሩኝ፣ በየት በኩል?

በመጨረሻ ያቭኔ ላይ አንድ ባለ መጠጥ ቤት እሺ አለው። ሺሞን ይሉታል፣ ወፍራም፣ ሳቂታ። "ይርጋ፣ አንድ የቢራ መቅጃ ቧንቧ እሰጥሃለሁ። ጌሾህን ቀንስ፣ ፍሬ ጨምርበት፣ ቀለል ይበል። ለነጻነት ቀን አድርስልኝ፣ ያን ቀን አገሩ ሁሉ ሥጋ ጠብሶ ቢራ ነው የሚጠጣ። ከተወደደ ቧንቧው ያንተ ነው። ካልደረሰልኝ ግን ለፋብሪካው እመልሰዋለሁ፣ እንዳትቀየመኝ።"

"ቤሰደር፣ እሺ" አለ ልጄ፣ እና በማንጎ ጠመቀ። አዎ፣ በማንጎ።

ታዲያ ልብ በሉ። የነጻነት ቀን ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። ቢራ ደግሞ እንደኔ ጠላ ቶሎ አይደርስም፣ ተኝቶ መሰንበት አለበት። ስለዚህ በፋሲካ ሳምንት ጋኑ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል። ሐሜጽ! የፈላ ገብስ! በፋሲካ ከአይሁድ ቤት ሊገኝ የማይገባ! እኔ ይኼን ያወቅሁ ዕለት ይዤ ጠየቅሁት።

"ይርጋ፣ ፋሲካ ሲገባ ምን ልታደርገው ነው?"

"ሸጬዋለሁ እማዬ።"

"ለማን?"

"ራባኑት፣ ረቢዎቹ ቢሮ ሄጄ ወረቀት ፈርሜያለሁ። በዓሉ እስኪወጣ አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው ይሸጣል፣ ከዚያ ይመለስልኛል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርግ፣ ሱፐሩም፣ ትልልቁ ፋብሪካም።"

"ሰውየው መጥቶ አየው?"

"አላየውም።"

"ቀመሰው?"

"እማዬ!"

"ሳይቀምስ የሚገዛ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እናንተ እዚህ የተወለዳችሁ አታውቁትም። እናቴ ፋሲካ ሲመጣ ጠላ የኖረበትን ጋን ታወጣና ትሰብረዋለች። በገዛ እጇ የሠራችውን፣ እንባዋ እየመጣ ትሰብረዋለች፣ አዲስ ሸክላ ነው የሚገባ። ቤት ያለ ነገር ቤት አለ፣ ወረቀት አያወጣውም፣ እኔ ይኼን እያየሁ ያደግሁ ነኝ። ያኔ ደግሞ ታናሹ ልጄ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ድንበር ላይ ነው። ታዲያ አሰብሁ፣ እኛ እዚህ ፋሲካን አቅልለን እሱ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? ይርጋስ ሥራው አልቃና ያለው ለዚህ ቢሆንስ? እንዲህ እያልሁ፣ እንዲህ እያልሁ ዋዜማው ደረሰ።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት ቁልፌን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መጋዘኑ ጭር ብሏል። ጋኑ ላይ "ተሽጧል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን አየሁት፣ ወረቀቱም አየኝ። እና ከታች ያለችውን ቧንቧ ከፈትኋት። ወጣ፣ ወጣ፣ አያልቅም! ማንጎ ይሸታል፣ ጫማዬን አራሰው፣ በበሩ ወርዶ ጋራዡ ደጅ ደረሰ። የጋራዡ ሰውዬ እየሮጠ መጣ፣ "ሳፍታ! አያቴ! እየፈሰሰ ነው!"

"አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያፈሰስሁት።"

ሰውየው እኔን አየ፣ ጋኑን አየ፣ ለይርጋ ደወለ።

ይርጋ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"ሐሜጹን አወጣሁልህ።"

እዚያው እርጥቡ ላይ ቁጢጥ አለ። ምን አለኝ መሰላችሁ? "የኔ እኮ አልነበረም እማዬ። ሸጬዋለሁ አላልሁሽም? የሰው ነው የደፋሽው።"

በሉ እንግዲህ! የሰው! የኛ ነው ብል ኃጢአት ነው፣ የሰው ነው ብል የሰው ንብረት ያጠፋሁ እኔ፣ የቱ ይሻለኛል? "ሰውየው የት ነው ታዲያ? ወስደህ አሳየኝ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቀው" አልሁት።

"እኔም አላውቀውም" አለና ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

ለነጻነት ቀን ባዶ እጁን ያቭኔ ሄዶ ለሺሞን ነገረው። ሺሞን አልተቆጣም፣ "የኔም እናት ይኼን ታደርገዋለች" አለው አሉ። ቧንቧውን ግን ለፋብሪካው መለሰ። እንዳለው አደረገ፣ ምን ይባላል።

ታናሹ በሰላም ተመልሷል፣ ተመስገን። ይርጋ ግን ይኸውና በጋው ሊያልቅ ነው፣ የሚሞላው አንድ ጋን ብቻ ነው፣ ሁለቱ ባዷቸውን ቆመዋል። "እስከ ሱኮት፣ እስከ ዳስ በዓል ሰው ካልለመደው መጋዘኑን መልሼ ፋብሪካ እገባለሁ" ይላል። ቁልፌን ስመልስለትም አልተቀበለኝም፣ እኔው ራሴ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት መጣሁ። የኛን የቤተ እስራኤሎቹን ቄስ ሄጄ ጠየቅኋቸው፣ "ልክ ነሽ፣ ግን አስቀድመሽ ብትነግሪው ጥሩ ነበር" አሉኝ። እሳቸውም "ግን" አላቸው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልግ፣ ሥራውን ገደልሁት ወይስ ሲሞት ደረስሁ?

ባለፈው ሳምንት አዲስ ጠምቆ "ቅመሺው" አለኝ። ማንጎ የለበትም፣ ጌሾውም ትንሽ ነው። ቀመስሁት። ለኔ ላላብኝ። "ጥሩ ነው" አልሁት። ዋሸሁ? አልዋሸሁም፣ ለኔ አይደለማ የተጠመቀው። ደግሞ እኔ አንዲት አሮጊት ያን ጋን ጠጥቼ አልጨርሰው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ። አንቺ፣ አንቺም፣ አንቺም፣ የይርጋን ቢራ አንድ ቀን ገዝታችሁ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?

(ሁላችንም ልጆቻችንን ማየት ጀመርን። በኋላ አንዷ፣ "እኔ ስልኬ ላይ አይቼው ላይክ አድርጌለታለሁ እማማ" አለቻቸው። እማማ ዝናሽ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።)

ላይክ! ይኸውላችሁ! እኔ እኮ የደፋሁት አንድ ጋን ነው። ሌላውን ሁሉ ሳትጠጡ ያስቀራችሁት እናንተ ናችሁ!

("ይርጋ ነገ መጋዘኑን እስከ ስንት ሰዓት ይከፍታል?" አልኳቸው።)

ነገ ዓርብ አይደለ? ሰንበት ሳይገባ ቀደም ብለሽ ድረሺ። ደግሞ እኔ እንደላክሁሽ እንዳትነግሪው።