ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየው የአንድ ቅዳሜ ተተኪ

እስቲ ወንበር ያገኛችሁ ተቀመጡ፣ ያላገኛችሁ ድምፅ ማጉያው ላይ ተደገፉ። ጊስላን፣ ዛሬ የምንሸኘው አንተን ነውና በሩን በሩን አትይ፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው ያለው።

ለማታውቁኝ ናዴዥ እባላለሁ። የባንዳችንን የቫልብሪዝን ካናቴራ የምሸጠው፣ የመድረክ ልብሳቸውን የምሰፋው፣ መኪናቸውን የምነዳው እኔ ነኝ። የምታውቁኝ ደግሞ ንግግሬ እንደሚረዝም ለሌሎቹ አትንገሩብኝ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ነው። እኔ ሃያ ዓመቴ፣ ወንድሜ የባንዱ ድራመር። እዚሁ የድሮው ሽመና ፋብሪካ ውስጥ ልምምድ ላይ ነን፤ ኮንሰርቱ ቅዳሜ ነው፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን ግን ፍቅር ይዞት ማርሴይ ገብቷል። በሩ ተከፈተና ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ ብቅ አለ። ሐኪም መሰለን። ለካ ለሱቆች አይብ የሚያከፋፍል ሾፌር ነው፣ መንገድ ጠፍቶበት ነው የመጣው። ግድግዳ የተደገፈውን ቤዝ አየና፣

"ይሄን ማነው የሚጫወተው?" አለ።

"ማንም።"

"እስከ ቅዳሜ እኔ ልያዝላችሁ?"

ያዘልን። ጊስላን፣ ያ ቅዳሜ ካለፈ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። የአይቡ ሽታ ከመኪናችን ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈጅቷል፤ እሱን ይቅር ብለንሃል።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ባንድ አምስት ዘፋኝ፣ ስምንት ጊታሪስት፣ አራት ድራመር አልፏል። ወንድሜም ሄዷል፤ አሁን የጥርስ ሐኪም ነው፣ ሰው ማስጮኹን ግን አልተወም። ጊስላን ብቻ አልተነቃነቀም። አዲስ ስም መያዝ ስለሚታክተውም ዘፋኙን ሁሉ በመጀመሪያው ዘፋኝ ስም ሎይክ ይላል። የአሁኗ ዘፋኛችን አፖሊን ስትመጣ "እኔ እኮ ሴት ነኝ" አለችው። "ገባኝ ሎይክ" አላት። ይኸው አሁን "ሎይክ" ሲል "አቤት" ትላለች።

የቆዳ ጥሩር የሰፋሁለትስ? ዘንዶ ስለሚገድል ጀግና ሊጫወት ነው፤ እሱ ግን ከመድረኩ ጀርባ ጥሩሩን ለብሶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣ ከፔርሙስ ሾርባ ይጠጣል። "ጊስላን፣ ሕዝቡ እየጠራ ነው እኮ" እለዋለሁ። "ይጥራ፤ ካሮቱ አልበሰለም፣ እያኘክሁ ነው።"

አሁን ቁም ነገር። በእኛ ባንድ የሚለቅ ሰው ዝም ብሎ ውልቅ አይልም። ከተተኪው ጋር ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ ዘፈኑን አንድ በአንድ ያስረክባል። ይህን ሕግ ያወጣው ጊስላን ነው። በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ተሰዳድበው በአንድ ቀን ለቀቁ፤ የኮንሰርት ጉዞው ሊጀመር ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ባንዱ አለቀለት ስንል ጊስላን ጊታሪስቱ ቤት ሄዶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"ተጣልተናል እኮ" አለው ልጁ።

"ከኛ ተጣላ። ዘፈኑ ምን አደረገህ?"

እንዳኮረፈ መጣ፣ እንዳኮረፈ አስረክቦ ሄደ።

ስህተት እንኳ ርክክብ አለው በእኛ ቤት። ሦስተኛው አልበም ላይ ወንድሜ አንድ ምት ያለቦታዋ ጨመረ፤ ማንም ሳያስተውል ታተመ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ድራመር ሁሉ ያቺን ስህተት ተምሯል። ሕዝቡም እዚያች ላይ ያጨበጭባል።

ባለፈው ጥር ሐኪሙ "ጣቶችህ ደንዝዘዋል፣ በቃህ" አለው። እኛም በእሱ ቦታ ቤዝ እንድትጫወት ማኤሊስ የምትባል ልጅ መረጥን። ርክክቡ ግን አልሆነም። አንድ ሰኞ ጉልበቱን አመመው፤ ቤዝ በጉልበት ይመታል እንዴ? መጋቢት ላይ በረዶ ሆነ። ሚያዝያ ላይ ሚስቴ ሶላንዥ ታማለች አለ፤ ገበያ አገኘኋት፣ ከእኔ ትሻላለች። እሱ ካላስረከበ ቫልብሪዝ ዘንድሮ መድረክ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደፍሮ የሚነግረው ግን ጠፋ። የስንቱን ሰው እጅ ይዞ ያስረከበ ሰው፣ የራሱ ተራ ሲደርስ አልቻለም።

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልብስ ልተኩስ ስመጣ ቤዙ ይሰማል። ጣቶቹ ተሻላቸው ብዬ ደስ አለኝ። በሩን ስከፍት የምትጫወተው ማኤሊስ ናት። ጊስላን የካናቴራ ካርቶኔ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ጨፍኗል። "ዝጊው፣ ብርድ አታስገቢ" አለኝ። ዘግቼ ቆምኩ። ልጅቷ አንድ ቦታ ላይ የማላውቀውን ነገር ጨመረች። ዓይኑን ገለጠ።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አላት።

"ይቅርታ፣ ላጥፋው?"

ዓይኑን መልሶ ጨፈነ። "ተይው" አላት። "እንዲያውም ድገሚው።"

ጊስላን፣ ያን ቀን ልብሱን ሳልተኩስ ነው የሄድኩት፤ እንባዬ አላሳየኝም። በስምንቱም ጊታሪስት፣ በአምስቱም ሎይክ፣ በወንድሜም ስም አመሰግንሃለሁ። ይህ ባንድ እስከ ዛሬ የኖረው፣ ማንም ሰው ዘፈኑን ይዞ እንዳይሄድ አንተ በር ላይ ስለቆምክ ነው። አንተም ይዘኸው አልሄድክም።

በሉ፣ ከሚራቤል ፕለም የወጣውን አረቄያችሁን አንሱ። ለጣቶችህ ሙቀት፣ ለሶላንዥ ትዕግሥት፣ ለአንተ ረጅም ዕድሜ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ኮንሰርታችን ሲሆን ሕዝቡ መሃል፣ ፊት ለፊት ቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎን ነው ያየኸን፤ ከፊት ምን እንደምንመስል አታውቅም። ናና እየን። ለጊስላን።