የጎሬ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረቀ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ቁጭ ብለህ ብላ እንጂ ዮናስ፣ ሻንጣህ የትም አይሄድም፣ በእኛ ጊዜ እንዲህ እንዳንተ ከዚህ ከሆሎዌይ ቤቴ ብድግ ብሎ ሂትሮው ኤርፖርት፣ ከዚያ ቶሮንቶ የሚባል ነገር የለም። ጎሬ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ሲመረቅ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ማረፊያ አልኩህ እንጂ ማዘጋጃ ቤቱ ሣሩን አሳጭዶ ዳር ዳሩን ኖራ ያስቀባው ሜዳ ነው። ታዲያ ያን ዕለት አገሩ ሁሉ ሊደሰት ወጣ፣ እኔ ላለቅስ ወጣሁ።

«ለምን አክስቴ?»

ለምን ትለኛለህ፣ አባቴ አዲስ አበባ ላለ አንድ ጸሐፊ ሊድሩኝ ቃል ገብተዋል፣ ሰውየው የአባቴ እኩያ፣ እና በዚያው አውሮፕላን ተሳፍሬ እሁድ ሠርጌ ሊሆን ነው። አባትን ደግሞ እምቢ አይባልም።

ታዲያ አውሮፕላኑ አረፈ፣ ፈረንጁ አብራሪ ወረደ፣ ደመናውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ በአስተርጓሚ «ጉም ሳይመጣ ቶሎ መነሳት አለብኝ» አለ። ይኼን ስሰማ ቀስ ብዬ ወደ ከንቲባው ሚስት ጠጋ አልኩና «እትዬ፣ እንግዳ ጎሬ መጥቶ ጦሙን ተመለሰ ሊባል ነው?» አልኳቸው። እሳቸው ስማቸው በክፉ ከሚነሳ ሞታቸውን የሚመርጡ ሴት ናቸው። «ወዴት፣ ወዴት» ብለው ክንዱን ይዘው ድግሱ ዳስ አስገቡት፣ እና በጉርሻ ያዙት። ሊነሳ ሲል «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ»፣ ሌላዋ ደግሞ «የሳቸውን በልተህ የኔን ልትተው ነው?»፣ እሱ አፉ ሞልቶ በእጁ ወደ ሰማይ ያሳያል፣ እነሱ «አዎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እያለ ነው» ይላሉ።

እና ጉሙ መጣልኝ። መጣና አሥራ አምስት ቀን ተኛ። ጸሐፊው «ናቁኝ» ብሎ ሌላ አገባ፣ እኔም የሜዳውን ሣር ካጨዱት አንዱን አገባሁ፣ ነፍሱን ይማረውና አንድም ቀን አልቆጨኝም።

«አባትዎ አወቁ?»

«የእግዜር ሥራ ነው» አሉ፣ እኔም አዎ አልኩ፣ ምን ልበል?

«አክስቴ፣ ውጭ ጥሩንባ የሚነፋው የጠራሁት ሚኒካብ ታክሲ መሰለኝ። አሁን ካልወጣሁ ፍላይቱ ያመልጠኛል።»

ያ ከቅድም ጀምሮ የሚጮኸው ያንተ ነው እንዴ? እኔ የጎረቤት መስሎኝ። አንተ ስትሄድ እዚህ ቤት ከቴሌቪዥኑ በቀር የሚያወራኝ የለም፣ አልዋሽህም፣ ሆዴ ባብቷል። በል ሂድ። ብቻ አፍህን ክፈት፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ። ምነው በእጅህ ወደ መስኮቱ ታሳየኛለህ? አዎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እያልክ ነው፣ ገባኝ።