የሰው ሻይ ያልጠጡት መሐንዲስ

ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድሜ፣ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ከነበሩት አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እኔ በሰባት ዓመት የማንስ ታናሻቸው ነኝ፤ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን አንብብ ስባል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያኮረፍኳቸው እኔ በምን ፊቴ ብዬ ነበር፤ ባለቤታቸው ግን ከአንተ በቀር ማንም አያነበውም ብለው ቁርጡን ነገሩኝ።

በልጅነታቸው የአባታችንን ራዲዮ ፈትተው ሲገጥሙ ሁለት ብሎን ቢተርፋቸውም ድምፁ ከበፊቱ ጠርቶ ቤተሰቡን አስደንቋል። እናታችን ዳቦ አካፍል ሲሏቸው ማስመሪያ የሚያወጡ ልጅ ስለነበሩ፣ እኔ ለቅሶዬን ባቀልጠው እንኳ ፍርፋሪ አስበልጠው ሰጥተውኝ አያውቁም።

በምሕንድስና በማዕረግ ተመርቀው በስልክ ሥራ ረጅም ዘመን ካገለገሉ በኋላ፣ ኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች ሲበራከቱ የሁሉም ኬብል የሚገናኝበትን የጋራ ክፍል እንዲመሩ ተመረጡ። ክፍሉ መስኮት የሌለው፣ ማቀዝቀዣው ያለ ዕረፍት የሚያጓራ፣ እሳቸውም በበጋ ሹራብ ደርበው የሚውሉበት ነበር። ደንበኛ የሚነጣጠቁ ሰባት ድርጅቶች እዚያ ይገናኛሉ፤ ኃላፊው ለአንዱ ቢያደላ የሌላው ደንበኛ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይውላል። ከሰባቱ ትንሿ ድርጅት የእኔ ነበረች።

ለሥራ ወደ ድርጅቶቹ በሄዱ ቁጥር የራሳቸውን ሻይ ይዘው ስለሚሄዱ «ባለፔርሙሱ» የሚል ስም ወጣላቸው። እኔም ቢሮ ሲመጡ ያው ነው፤ ጸሐፊዬ ሻይ ስታቀርብላቸው አመስግነው ፔርሙሳቸውን ይከፍታሉ፤ የቀረበው ሻይ ቀዝቅዞ ይመለሳል። የመድኃኒት ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ያፈሩ ሲሆን፣ ለቤታቸው ኢንተርኔት የሚያስገባው ድርጅት ከሰባቱ መካከል በየዓመቱ በዕጣ ስለሚለወጥ ልጆቹ አዲስ የይለፍ ቃል እየሸመደዱ አደጉ።

በሥራ ዘመናቸው የማውቀው ስሕተት አንድ ብቻ ነው። አዲስ ማሽን ሲተከል የሁሉም መስመር በአንድ ቀን መዛወር ሲገባው፣ ለሙከራ አዲሱ ላይ የሰኩትን የእኔን ኬብል ሳይነቅሉ ረሱት። ዘጠኝ ቀን ደንበኞቼ ኢንተርኔቱ ሲፈጥንላቸው ሰነበቱ፤ እኔም አውቄ ዝም አልኩ፤ ይህን ዛሬ በሰው ፊት እናገራለሁ። በዐሥረኛው ቀን ሲደርሱበት፣ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ወስደው ለስድስቱ ተፎካካሪዎቼ በፊርማቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ የሌሎቹን ወደ አዲሱ አዛውረው የእኔን ለዘጠኝ ቀን ወደ አሮጌው መለሱት። ከደንበኞቼ ሲሶው ጥሎኝ ሄደ። ክፍላቸው ድረስ ሄጄ የአንድ እናት ልጆች አይደለንም ወይ ብዬ ብጮኽባቸው፣ ወንበር ሳቡልኝና «ወንድሜ መሆንህን እዚህ ቤት የረሳ የለም፤ ለዚህ እኮ ነው» አሉኝ። በሩን በላያቸው ወርውሬ ወጣሁ።

በኩርፊያችን በሦስተኛው ዓመት፣ ከሁሉ የሚገዝፈው ድርጅት «ክፍሉን በአዲስ ዕቃ ልሙላው፣ በምትኩ የእኔ ደንበኞች ይቅደሙ» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ያ ቢሆን ኖሮ የእኔ ድርጅት ወር አትሻገርም ነበር። ወንድሜ እምቢ አሉ፤ ድርጅቱም ለወንድሙ አድልቶ ነው ብሎ ከኃላፊነት እንዲነሡ ጠየቀ። በስብሰባው ላይ ታዲያ፣ ዓይንህን ለአፈር የሚሉኝ ተፎካካሪዬ ተነሥተው ያንን የዘጠኝ ቀን ደብዳቤ ከቦርሳቸው አውጥተው አነበቡት። የድርጅቱ ጥያቄ ውድቅ ሆነ፤ ወንድሜም በኃላፊነታቸው ቀጠሉ። ደረጃው ላይ ደርሼባቸው፣ ጋሼ በድዬሃለሁ ስላቸው አቀፉኝ፤ በል ቢሮ ገብተን ሻይ እንጠጣ ስላቸው ግን ፔርሙሱን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

ጡረታ በወጡ ማግስት ጠዋት ሳይነግሩኝ ቢሮዬ ገቡ። እጃቸው ባዶ ነበር። ተቀመጡና «አሁን ሻይህን አምጣ» አሉኝ፤ ሦስት ብርጭቆ ጠጡ፣ ስኳሩ በዝቷል ብለውም ወቀሱኝ። ከዚያ ወዲያ ኩላሊታቸው ታምሞ አልጋ እስኪይዙ ድረስ በየማክሰኞው ለሻይ ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም። ሕመሙን ስምንት ወር ሳያማርሩ ታግለው፣ ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት ሳጥናቸውን ከፊት ማን ይሸከም ብለው ስድስቱ ተፎካካሪዎቼ ሲጨቃጨቁ፣ ታላቋ ልጃቸው ወረቀት ቀድዳ ዕጣ አወጣች፤ እኔንም ከመሐል ከተተችኝ። ዕጣዬ የመጨረሻው ኋላ ወጣ። ወንድሜ ነው፣ ፊት ይገባኛል ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁትና ከኋላ ተሸከምኳቸው።

ለማንም የማያዳላው ፈጣሪ፣ ለማንም ሳያደሉ የኖሩትን ጋሼን ተቀብሎ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።