ሱቅ የገባው በሬ

ልጄ ጨማምራ ሳታወራው እኔው ልንገራችሁ። ከቴሌቪዥን ጋር ተገጥሞ በኢንተርኔት ፊልም የሚያመጣ ሳጥን ልትገዛ ደብረ ታቦር አንድ ሱቅ ይዛኝ ገባች። ሻጩ አንድ ርካሽና አንድ ውድ ሳጥን አወጣልን። «ሁሉም ሳጥን ነው፤ ርካሹን አንሺ» አልኋት። «አባባ፣ ሁለቱንም ይዩና ይፍረዱ» አለች። ሻጩ በሁለቱም ሳጥን በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አሳየን። በርካሹ በሬው ደህና ይመስል ነበር፤ በውዱ ግን ጫንቃው ላይ የቀንበር ቁስል አየሁ። «ይሄኛው አይደብቅም» ብዬ ሳልጨርስ አንድ በሬ ከኋላዬ አገሳ። ዱላዬን አንስቼ «ሃይ! ተመለስ!» እያልሁ ወደ በሩ ዞርሁ። ለካ አንዱን ድምፅ ማጉያ ከጀርባዬ አስቀምጠውት ኖሯል። ሻጩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ኮስተር ብዬ «ውዱን ጠቅልልላት» አልሁት፤ ልጄንም «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ» አልኋት።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። «በሬውን መለስኸው?» አለችኝ።